የካሜሊያ፣ የአዛሊያና የሮዶዴንድሮን ቁራጭ ሥር እንዲሰድ

ከእናቱ ተክል የተለየ ቅርንጫፍ ውሃ የሚስብበት ሥር የለውም፤ ቅጠሎቹ ግን ውሃ ማትነናቸውን አይተዉም። ሥር እስኪሰድ ድረስ ባሉት ሳምንታት ሥራው ሁሉ ይህን ጉድለት ማቻቻል ነው። ቅጠሉ የሚያጣውን ውሃ እንቀንስለታለን፤ ግርጌው ሳይበሰብስ ቶሎ ሥር እንዲሰድ እናግዘዋለን። ይህ ለማንኛውም ቁራጭ የሚሠራ ነው። አሲዳማ አፈር በሚወዱ፣ ዓመቱን ሙሉ ቅጠላቸው በማይረግፍ ቁጥቋጦዎች ላይ ግን አንድ ተጨማሪ ጠላት አለ፤ እሱም ኖራ ነው። በአሸዋው፣ በመስኖ ውሃው ወይም ተዘጋጅቶ በተገዛው አፈር ውስጥ ሆኖ ሳይታይ ይገባል። ቁራጩ ሲከሽፍ ብዙ ሰው ጥፋቱን ሥር እንዲያስወጣ በሚቀባው ሆርሞን ላይ ይጥላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን መመርመር ያለበት ድብልቁና ውሃው ነው።

የትኞቹ ተክሎች? ለምንስ አሲድ?

በዚህ መመሪያ የምንነጋገረው ስለ ካሜሊያ (የሻይ ተክልም ከዚሁ ወገን ነው)፣ ቅጠላቸው ስለማይረግፍ አዛሊያዎች፣ ስለ ሮዶዴንድሮን፣ ስለ ጋርዴኒያ፣ ስለ ፒየሪስና የአስታ ዘመድ ስለሆኑት ኤሪካዎች ነው። አዛሊያ በዕፅዋት አመዳደብ ከሮዶዴንድሮን ወገን ውስጥ ይገባል፤ ስለዚህ ለአንዱ የሚስማማው አፈር ለሌላውም ይስማማል።

ሮዶዴንድሮንና አዛሊያ ከሁሉ በላይ የሚወዱት ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ ቁጥር) ከ4.5 እስከ 5.5 ያለውን ነው። ካሜሊያ ከ5.5 እስከ 6.5፣ ጋርዴኒያ ደግሞ ከ5.0 እስከ 6.0 ባለው ይስማማቸዋል። ቁጥሮቹ የተቀራረቡ ይመስላሉ፤ ነገር ግን በፒኤች መለኪያ አንድ ቁጥር መውረድ ማለት አሲዱ 10 እጥፍ መጨመር ማለት ነው። ፒኤች 7.5 የሆነ አፈር 5.5 ከሆነው ጋር ሲነጻጸር አሲድነቱ በ100 እጥፍ ያነሰ ነው፤ «ትንሽ ከፍ ብሏል» ተብሎ የሚታለፍ ልዩነት አይደለም።

እነዚህ ተክሎች አሲዱን የሚፈልጉት በዋናነት ለብረት ማዕድን ነው። ፒኤች ከፍ ሲል ብረት በአፈሩ ውስጥ እያለ የማይሟሟ ይሆንና ሥሩ ሊወስደው አይችልም። ምልክቱ አይሳሳትም፤ አዲሶቹ ቅጠሎች ቢጫ ይሆናሉ፣ ጅማቶቻቸው ግን አረንጓዴ እንደሆኑ ይቀራሉ። ቢጫነቱ በአሮጌዎቹ ቅጠሎች ከጀመረ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ የማግኒዝየም ወይም የናይትሮጅን እጥረት ሊሆን ይችላል።

ሌላው ነገር የሥራቸው አፈጣጠር ነው። የሮዶዴንድሮንና የዘመዶቹ ሥር እንደ ፀጉር የቀጠነ ነው፣ ጠልቆም አይሄድም፤ አብዛኛው ከላይኛው 30 ሳንቲሜትር አፈር አያልፍም። እንዲህ ያለ ሥር ሲደርቅ ቶሎ ይሞታል፣ ውሃ ሲተኛበትም ታፍኖ ይበሰብሳል። አየርም እርጥበትም በአንድነት የሚፈልግ ሥር ስለሆነ ድብልቁ የሚመረጠው ለዚሁ ሲባል ነው።

ድብልቁ

እስካሁን ከሞከርናቸው ሁሉ አስተማማኙ በስፍር እኩል የሆነ ፒት (ረግረግ ውስጥ ተከማችቶ የቆየ የዕፅዋት ብስባሽ) እና ፐርላይት (በሙቀት የተነፋ ቀላል ነጭ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ፍርካሽ) ነው፤ አንድ ጣሳ ፒት ለአንድ ጣሳ ፐርላይት። የፒት የራሱ ፒኤች አብዛኛውን ጊዜ ከ3.5 እስከ 4.5 ስለሆነ አሲዱን ይሰጣል፣ እርጥበቱንም ይይዛል። ፐርላይቱ አየር ያስገባል። ፐርላይት ሲገለበጥ አቧራው ሳንባ ስለሚያስቸግር መጀመሪያ በውሃ ይርጠብ።

ፐርላይት ከሌለ ሻካራ አሸዋ ይተካዋል፤ ፍሬው ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር የሆነ፣ አቧራው ታጥቦ የወጣለት። የግንባታ አሸዋ ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ የኖራ ድንጋይ ፍርካሽ አለ። ለማወቅ አንድ ማንኪያ ደረቅ አሸዋ ላይ አቼቶ ያፍስሱና ጆሮዎን ያስጠጉ። ካንሸከሸከ ወይም አረፋ ካወጣ ኖራ አለበት፤ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

በፒት ፋንታ የኮኮናት ቃጫ መጠቀም ይቻላል፤ ፒኤቹ ከ5.5 እስከ 6.5 አካባቢ ስለሆነ ለካሜሊያና ለጋርዴኒያ ይበቃል። አንዳንዱ ቃጫ ጨው ስለሚኖረው ሁለት ሦስት ጊዜ በንጹህ ውሃ ታጥቦ ይጨመቅ። በደንብ የተብላላ የጥድ ቅርፊት፣ ከ1 ሳንቲሜትር ባነሰ መጠን የተፈጨ ከሆነ፣ ለሮዶዴንድሮን ግሩም ነው።

ተዘጋጅቶ የሚሸጥ የችግኝ አፈር ስንገዛ ከረጢቱ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ግድ ነው። አምራቾች የፒቱን አሲድ ለማለዘብ ኖራ ይጨምሩበታል፤ ለቲማቲምና ለሰላጣ ጥሩ የሆነው ይህ አፈር ለአዛሊያ ቁራጭ መርዝ ይሆናል። አሲድ ለሚወዱ ተክሎች ተብሎ የተለየውን ብቻ ይውሰዱ። የጓሮ አፈር፣ የበሰበሰ ፍግ፣ አመድና የእንቁላል ቅርፊት በዚህ ደረጃ ቦታ የላቸውም፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በሽታና ጨው ያመጣሉ፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ራሳቸው እንደ ኖራ ናቸው።

ደረቅ ፒት ውሃ አይቀበልም፤ ከላይ የፈሰሰለት ውሃ በጎን በኩል ሾልኮ ይወርዳል፣ ላዩ ብቻ ይርሳል። ከአንድ ቀን በፊት ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፎ ማሳደር ያስፈልጋል። ከተደባለቀ በኋላ አንድ እፍኝ ወስዶ መጭመቅ ነው። በጣት መካከል ሁለት ሦስት ጠብታ ከወጣ ልኩ ነው፤ ውሃው ከተንቆረቆረ ከልክ በላይ ረጥቧል፣ ምንም ካልወጣ ደርቋል።

የመትከያው ዕቃ ጥልቀት ቀላል ነገር አይምሰል። ከማንኛውም ዕቃ ሥር፣ ቀዳዳ ቢኖረውም እንኳ፣ ውሃ ያልለቀቀ ንጣፍ ይቀራል። ዕቃው ስስ ከሆነ የቁራጩ ግርጌ በዚሁ ንጣፍ ውስጥ ይቆማል። ከ8 እስከ 10 ሳንቲሜትር ጥልቀት ያለው ዕቃ ይምረጡ፤ ከሥሩ ጠጠር ማድረግ ውሃውን ወደ ላይ ያስጠጋዋል እንጂ አያስወግደውም። ያገለገለ ዕቃ በ1 እጅ በረኪና እና በ9 እጅ ውሃ ለ10 ደቂቃ ተዘፍዝፎ ይታጠብ።

መቼና ከየትኛው ቅርንጫፍ

ወር ቆጥሮ ከመቁረጥ ቅርንጫፉን ማንበብ ይሻላል። የምንፈልገው ከፊል የጠነከረ ቅርንጫፍ ነው፤ የዘንድሮ እድገት ሆኖ መርዘሙን ያቆመ፣ ገና እንጨት ግን ያልሆነ። ጫፉን ይዘው እጥፍ ያድርጉት። እንደ ሳር ከታጠፈ ገና ለጋ ነው፣ ይበሰብሳል። እንደ ደረቅ እንጨት ከተሰበረ አልፎበታል፤ ሥር ለመስደድ ይዘገያል። ቀጭ ብሎ ተሰብሮ ልጣጩ ትንሽ ከያዘው ጊዜው ነው።

በአዛሊያ ይህ ጊዜ አበባው ካለፈ ከ6 እስከ 10 ሳምንት ውስጥ ይደርሳል። በካሜሊያ የአዲሱ ቅርንጫፍ ግርጌ ከአረንጓዴ ወደ ፈዛዛ ቡናማ ሲለወጥ ነው። ሮዶዴንድሮን ዘግየት ይላል፤ ቅጠሎቹ መጠናቸውን ጨርሰው እስኪጠነክሩ፣ ጫፉ ላይም የሚቀጥለው እድገት እንቡጥ እስኪቋጠር ይጠበቃል። ጋርዴኒያ እያደገ ባለበት ጊዜ ሁሉ ሊቆረጥ የሚችል ለጋስ ተክል ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክር ሰው በጋርዴኒያ ወይም ትንንሽ ቅጠል ባላት አዛሊያ ቢጀምር እጁ ቶሎ ይፈታል።

በምርጫው ላይ ሰው የሚሳሳተው ወፍራሙንና ቀጥ ብሎ የወጣውን በመውደድ ነው። ከጎን የወጣ፣ ቀጠን ያለ፣ ከተክሉ ዝቅተኛ ክፍል የተገኘ ቅርንጫፍ ከወፍራሙ ቀድሞ ሥር ይሰዳል፤ ይህ በተለይ በሮዶዴንድሮን ጎልቶ ይታያል። ወጣት ተክል ከአሮጌ ይሻላል። አበባ የቋጠረውን መተው ነው፤ ሌላ ከሌለ እንቡጡን በጣት ቆንጥሮ መጣል ያስፈልጋል፣ አለዚያ ቁራጩ ያለውን ስንቅ ለአበባው ያውለዋል። ቅጠሉ የገረጣ፣ ተባይ ያለበት ወይም በቅርቡ ብዙ የናይትሮጅን ማዳበሪያ ጠጥቶ የተንዠረገገ እናት ተክል አይሆንም።

እናት ተክሉን ከአንድ ቀን በፊት ጠግቦ እስኪጠጣ ያጠጡት። በማግስቱ ፀሐይ ሳይበረታ፣ ቅጠሉ ሙሉ ሆኖ እያለ ይቁረጡ። የተቆረጠው እርጥብ ጨርቅ ባለበት ላስቲክ ውስጥ ይግባና ጥላ ይቀመጥ። በዚያው ቀን መትከል ካልተቻለ እርጥብ ወረቀት ተጠቅልሎ በ4 ወይም በ5 ዲግሪ ማቀዝቀዣ ውስጥ ጥቂት ቀን ይቆያል።

አቆራረጥ፣ መላጥና ሆርሞን

ስለቱ ካልተሳለ ግርጌው ይጨፈለቃል፣ የተጨፈለቀ ግርጌ ደግሞ ይበሰብሳል። ምላጭ ወይም የተሳለ ቢላዋ ያዘጋጁ፣ በ70 ከመቶ አልኮል ይጥረጉት፤ ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ሲያልፉም እንደገና ይጥረጉት።

ርዝመቱ እንደ ተክሉ ነው። አዛሊያ ከ6 እስከ 8፣ ካሜሊያ ከ8 እስከ 12፣ ሮዶዴንድሮን ከ8 እስከ 10 ሳንቲሜትር ይበቃቸዋል። ኤሪካ ከ4 እስከ 5 ሳንቲሜትር የሆነ ጫፍ ብቻ ይበቃታል። ከአንጓው ዝቅ ብሎ፣ ከቅጠሉ መነሻ ግማሽ ሳንቲሜትር ያህል ወርዶ ይቆረጣል። የታችኛው ግማሽ ቅጠሎች ይነሳሉ፤ ወደ ታች ሲገነጠሉ ልጣጩን ይዘው እንዳይወርዱ በስለት መቁረጥ ይሻላል። ከላይ ከ3 እስከ 5 ቅጠል ይቀራል። ትልልቅ ቅጠል ያለው ሮዶዴንድሮን ከሆነ እያንዳንዱ ቅጠል ግማሹ በአግድም ይቆረጣል፤ የሚተነው ውሃ ይቀንሳል፣ ቁራጮቹም አይደራረቡም። ሁሉንም ቅጠል መንቀል ግን ስህተት ነው። ሥር የሚሠራበት ምግብ የሚዘጋጀው በቅጠሉ ነውና።

ቀጥሎ መላጥ ይመጣል። ለአዛሊያ፣ ለጋርዴኒያና ለኤሪካ አያስፈልግም። ለካሜሊያ ከግርጌው በአንድ ጎን ከ1.5 እስከ 2 ሳንቲሜትር የሚረዝም ቀጭን ልጣጭ ይነሳል። ለሮዶዴንድሮን ከ2 እስከ 3 ሳንቲሜትር፣ ለአስቸጋሪዎቹ ዓይነቶች ደግሞ በሁለቱም ጎን። ከልጣጩ ስር ያለው አረንጓዴ ንጣፍ መታየት አለበት፣ ነጩ እንጨት ውስጥ ግን መግባት የለበትም። ሥሩ የሚወጣው ከዚሁ ቁስል ዳርና ዳር ነው። ሳይላጥ የተተከለ ሮዶዴንድሮን ሥር ሊሰድ ይችላል፤ ነገር ግን ከመጨረሻው ጫፍ ብቻ፣ በአንድ በኩል ተጠምዝዞ ይወጣና ሲዛወር ይሰበራል።

ሥር የሚያስወጣው ሆርሞን አይቢኤ ነው፤ ሙሉ ስሙ ኢንዶል ቡቲሪክ አሲድ። በታልክ ዱቄት የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ 0.1፣ 0.3 እና 0.8 ከመቶ ነው። ለኤሪካ፣ ለጋርዴኒያና ለለጋ አዛሊያ 0.1 ይበቃል። ጠንከር ላለ አዛሊያ፣ ለፒየሪስና ለካሜሊያ 0.3 ይሁን፤ ለሮዶዴንድሮንና ይበልጥ ለጠነከረ የካሜሊያ ቅርንጫፍ 0.8። የበረታ ሆርሞን የተሻለ ነው ብሎ ማሰብ ጉዳት አለው። ለጋ ግርጌ በ0.8 ይቃጠልና በጥቂት ቀን ጥቁር ይሆናል።

ቁራጩን በቀጥታ ወደ ሆርሞኑ ዕቃ አይንከሩት፤ እርጥበትና ፈንገስ ይገባበታል። ትንሽ ዱቄት በወረቀት ላይ ያፍስሱ፣ ግርጌውንና የተላጠውን ቦታ ይንኩበት፣ የተረፈውን አራግፈው ይጣሉት፣ ዱቄቱንም መልሰው ዕቃው ውስጥ አይጨምሩት። ሆርሞኑ ቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ ካልተቀመጠ ኃይሉን ያጣል።

ድብልቁ ላይ መጀመሪያ በእርሳስ ቀዳዳ ይበጅለታል፤ ቁራጩ በጉልበት ከተሰካ ዱቄቱ ከላይ ተጠርጎ ይቀራል። ጥልቀቱ ከ2 እስከ 3 ሳንቲሜትር ነው፣ የተላጠው ቦታ በሙሉ መሸፈን አለበት። በዙሪያው በጣት ጠበቅ ይደረግ፣ በወንፊት አፍ ባለው ማጠጫ ውሃ ይጠጣ፣ የዓይነቱ ስምና ቀኑ ይጻፍበት። ከሦስት ወር በኋላ ሁሉም አንድ ይመስላሉ።

ቅርንጫፍ ያነሰበት ሰው ካሜሊያን በአንድ ቅጠል ማባዛት ይችላል። አንድ ጤነኛ ቅጠል፣ ብብቱ ላይ ያለችው ዓይን፣ ከእሷም በታች ከ2 እስከ 3 ሳንቲሜትር ግንድ ይበቃል። ዓይኗ ከድብልቁ ወለል ትንሽ ብቅ ብላ ትታይ። ከአንድ ቅርንጫፍ አራት አምስት ተክል ይገኛል፤ መጠኑ ለመድረስ ግን አንድ ዓመት ያህል ይዘገያል።

ሽፋን፣ ብርሃንና ሙቀት

ሽፋኑ ብርሃን የሚያሳልፍ ላስቲክ ነው። በዕቃው ዙሪያ ሦስት አራት እንጨት ሰክቶ ላስቲክ ማልበስ፣ ወይም ግርጌው የተቆረጠ ትልቅ የውሃ ፕላስቲክ መድፋት ይቻላል። ላስቲኩ ቅጠሉን እንዳይነካ፤ የነካበት ቦታ ሁሉ ሻጋታ ይጀምራል።

ቦታው ብሩህ ጥላ ይሁን። ቀጥተኛ ፀሐይ በላስቲክ ውስጥ ሲገባ ሙቀቱን በደቂቃዎች ያንረዋል፣ ቁራጩም በቁሙ ይቀቀላል። ጨለማ ክፍል ደግሞ ቅጠሉን ያስርበዋል። ጋዜጣ ያለ ችግር የሚነበብበት፣ የእጅ ጥላ ደብዘዝ ብሎ የሚታይበት ቦታ ልኩ ነው።

ለሥሩ የሚስማማው የድብልቁ ሙቀት ከ20 እስከ 24 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን የአየሩ ከዚያ ዝቅ ቢል ይመረጣል። ግርጌው ሞቆ ጫፉ ሲቀዘቅዝ ሥሩ ከቅጠሉ ይቀድማል። ተገላቢጦሹ ከሆነ ቁራጩ ሥር ሳይኖረው ቅጠል ያወጣና ይጠወልጋል። ድብልቁ ከ15 ዲግሪ በታች ከወረደ ነገሩ ሁሉ ይቆማል፤ የችግኝ ማሞቂያ ምንጣፍ ያለው ሰው ዋጋውን የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው።

የላስቲኩ የውስጥ ገጽ ላይ ስስ ጤዛ ካለ ውሃ አይጨመርም። ጤዛው ከጠፋ ይረጫል፤ ውሃው እየተንጠባጠበ ከሆነ ለግማሽ ቀን ይከፈታል። በሦስት ቀን አንዴ ለ10 ደቂቃ ከፍቶ አየር ማስገባት፣ የወደቀ ቅጠልንም በዚያው ማንሳት ልማድ ይሁን።

ውሃው የዝናብ ቢሆን ይመረጣል። ማንቆርቆሪያው ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚያስቀር ውሃ ኖራ የበዛበት ነው። አፍልቶ ማቀዝቀዝ ከኖራው የተወሰነውን ከሥር ያስቀረዋል፤ ዝቃጩን ሳይነኩ ከላይ ያለውን ብቻ መቅዳት ነው።

ስንት ጊዜ ይፈጃል?

ጋርዴኒያና አዛሊያ ከ4 እስከ 8 ሳምንት፣ ኤሪካ ከ6 እስከ 8፣ ፒየሪስ ከ8 እስከ 10፣ ካሜሊያ ከ8 እስከ 12፣ ሮዶዴንድሮን ከ8 እስከ 16 ሳምንት ይወስዳሉ። ቀይ አበባ ያላቸው ብዙ ትልልቅ ሮዶዴንድሮኖች ከሁሉ ያስቸግራሉ። ሬቲኩላታ የሚባለው የካሜሊያ ዝርያ በቁራጭ እጅግ ስለሚከብድ ብዙውን ጊዜ የሚባዛው በማዳቀል፣ ማለትም ቅርንጫፉን በሌላ ካሜሊያ ግንድ ላይ በማጣበቅ ነው።

አዲስ ቅጠል ማውጣቱ ሥር ለመስደዱ ማስረጃ አይደለም፤ ከራሱ ስንቅ ሊያወጣ ይችላል። ጫፉን በቀስታ ወደ ላይ ሳብ ሲያደርጉት ካልተንቀሳቀሰ ይዟል። ነቅሎ ማየት ግን የወጣውን ለጋ ሥር ይቆርጣል።

የሚበላሽበት መንገድና ምክንያቱ

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ቅጠሉ ከረገፈ ወይ ሙቀቱ በዝቷል፣ ወይ ቁራጩ ሳይተከል በፊት ጠውልጎ ነበር። የጠወለገ ቁራጭ በኋላ ውሃ ቢያገኝም ከዚያ ድንጋጤ ብዙም አያገግምም። ቅጠሉ የረገፈበትን ከጎረቤቶቹ ማንሳት ይሻላል።

ግርጌው ከጠቆረና ከለሰለሰ አየር አጥቷል፤ ድብልቁ ረጥቧል ወይም ጠጥሯል። ጥቁረቱ ዱቄቱ የነካው ቦታ ላይ ብቻ ሆኖ ደረቅ ከሆነ ግን ሆርሞኑ አቃጥሎታል። የመጀመሪያውን ፐርላይት በመጨመር፣ ሁለተኛውን በላላ ሆርሞን ያስተካክላሉ። ከሁለቱም የሚድን ቁራጭ ካለ ጤነኛው ላይ ተቆርጦ እንደገና ሊተከል ይችላል።

ግራጫ አቧራ የመሰለ ሻጋታ በቅጠሉ ላይ ከታየ ቦትራይቲስ የተባለው ፈንገስ ነው። የሚነሳው በሞተ ቅጠልና በቀረ የአበባ ቁራጭ ላይ ነው። የታመመውን አውጥቶ መጣል፣ ሽፋኑን ለአንድ ቀን መክፈት፣ ቁራጮቹን ማራራቅ ከመድኃኒት ይቀድማል።

ካለስ የሚባለው የቁስል እብጠት ብቻ ሆኖ የሚቀረው ብዙ ሰው የሚያሳስበው ነው። ግርጌው ላይ ነጭ እብጠት ይወጣል፣ ይተልቃል፣ ወር አልፎ ወር ይመጣል፣ ሥር ግን የለም። ትንሽ ካለስ ጤነኛ ነው፣ ቁስሉ መዳኑን ያሳያል። እንደ ጨው ድንጋይ ጠጥሮ ሲተልቅ ግን አንድ ነገር ጎድሏል ማለት ነው። በአብዛኛው ሙቀቱ ዝቅ ብሏል ወይም ሆርሞኑ ኃይሉን ጨርሷል፤ ወይም ደግሞ የድብልቁ ፒኤች ከፍ ብሏል፣ ኖራ ያለበት አሸዋና ውሃ በሮዶዴንድሮን ላይ የሚያመጣው ይህንን ነው። ቁራጩን መጣል አያስፈልግም። የካለሱን ግማሽ በምላጭ ይቁረጡ፣ ከጎኑ አዲስ ልጣጭ ያንሱ፣ ሆርሞን ነክተው በአዲስ ድብልቅ ይትከሉት። ቅጠሉ ጠንካራ ከሆነ ብዙ ጊዜ በሁለተኛው ይሳካለታል።

ቁራጩ አረንጓዴ ሆኖ ካለስም ሥርም ሳያወጣ ወራት ከቆየ ከመጠን በላይ የጠነከረ እንጨት ተቆርጧል። ትዕግሥት ያለው ሰው ይጠብቀው፤ ቅጠሉ እስከያዘ ድረስ አልሞተም።

ከሽፋን ማውጣትና ማዛወር

ከአምስቱ ቁራጭ አራቱ ሥር ከሰደዱ በኋላ የሚሞቱት በዚህ ደረጃ በችኮላ ነው ቢባል ማጋነን ይሆናል፤ ብዙ ድካም የሚባክንበት ቦታ መሆኑ ግን እርግጥ ነው። በላስቲክ ውስጥ ያደገ ቅጠል ደረቅ አየር አያውቅም። በመጀመሪያው ሳምንት በቀን አንድ ሁለት ሰዓት፣ በሁለተኛው ግማሽ ቀን፣ በሦስተኛው ሌሊቱንም ጨምሮ ይከፈት። ሲጠወልግ ከታየ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይመለሱ።

ሥሩ ከ2 እስከ 3 ሳንቲሜትር ሲደርስና ድብልቁን ሲያቅፍ ከ8 እስከ 10 ሳንቲሜትር ስፋት ወዳለው ዕቃ ይዛወራል። አዲሱ ድብልቅ ሁለት እጅ የተብላላ የጥድ ቅርፊት፣ አንድ እጅ ፒት፣ አንድ እጅ ፐርላይት ቢሆን መልካም ነው። ችግኙን በግንዱ ሳይሆን በሥሩ ጓል ይያዙት፤ የሮዶዴንድሮን ለጋ ሥር በነካ እጅ ይበጠሳል። ቀድሞ ከነበረበት አንድ ሚሊሜትር እንኳ አጥልቀው አይቅበሩት።

ማዳበሪያ የሚጀመረው ከተዛወረ ከአንድ ወር በኋላ ነው፤ አሲድ ለሚወዱ ተክሎች የተዘጋጀው፣ ዕቃው ላይ ከተጻፈው መጠን ሩቡ ብቻ ሆኖ፣ በሁለት ሳምንት አንዴ። ናይትሮጅኑ በአሞኒየም መልክ ያለበትን ይምረጡ። እነዚህ ተክሎች ከናይትሬት ይልቅ አሞኒየምን በደንብ ይጠቀማሉ፣ አሞኒየም ሰልፌትም አፈሩን ወደ አሲድ ይስበዋል። የቅጠሉ ጠርዝ ቡናማ ሆኖ ከተቃጠለ ማዳበሪያው በዝቷል፤ በብዙ የዝናብ ውሃ ያጥቡት።

አዲሱ ቅርንጫፍ 10 ሳንቲሜትር ሲሞላ ጫፉ በጣት ይቆንጠጥ። አንድ ዘንግ ሆኖ ከመቅረት ሦስት አራት ቅርንጫፍ ያወጣል።

በቋሚ ቦታው

ችግኙ አንድ ወይም ሁለት ዓመት በዕቃ ከቆየ በኋላ ወደ መሬት ይወርዳል። ከዚያ ብዙ ወራት ቀደም ብሎ የመሬቱ ፒኤች ይለካ። አፈሩ ላይ አቼቶ ሲፈስ ካንሸከሸከ፣ ነጻ ኖራ ያለበት ነውና በድኝ ለማሸነፍ መታገል ከንቱ ድካም ነው። በትልቅ ዕቃ ወይም ከፍ ተደርጎ በተሠራ መደብ ላይ መትከል ይሻላል።

የማያንሸከሽክ ከሆነ የድኝ ዱቄት ይሠራል። ፒኤቹን ከ6.5 ወደ 5.5 ለማውረድ በአንድ ካሬ ሜትር አሸዋማ አፈር ከ35 እስከ 40 ግራም፣ መካከለኛ አፈር 110 ግራም ያህል ያስፈልጋል፤ ሸክላማ አፈር ከዚያም ይበልጣል። ድኙን ወደ አሲድ የሚለውጡት የአፈር ባክቴሪያዎች ስለሆኑ ሙቀትና እርጥበት ይፈልጋል፣ ወራትም ይፈጃል። አሉሚኒየም ሰልፌት ቶሎ ይሠራል፤ ግን ብዙ መጠን ይፈልጋል፣ የሚከማቸው አሉሚኒየምም የሮዶዴንድሮንን ሥር ስለሚጎዳ አንመክረውም። የተፈላ ቡና አተላም አፈር ያሳምራል እንጂ አሲዱ በውሃው ስለወጣ ፒኤች ያወርዳል ብሎ መተማመን አይቻልም።

ጉድጓዱ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ይሁን፤ የሥሩን ጓል ሦስት እጥፍ ይስፋ፣ ከጓሉ ቁመት ግን አይጥለቅ። የጓሉ ላይ ከመሬቱ ወለል ከ2 እስከ 3 ሳንቲሜትር ከፍ ብሎ ይቀመጥ፤ መሬቱ ሲረጋ ይወርዳልና። ሥሩ በዕቃው ቅርጽ ተጠምጥሞ ከሆነ በሦስት አራት ቦታ በቢላዋ ከላይ ወደ ታች ይሰንጠቅ፣ አለዚያ ተክሉ ለዓመታት ከዕቃው ቅርጽ አይወጣም። ጠልቆ የተተከለ ሮዶዴንድሮን ሁለት ዓመት ያህል ደህና መስሎ ይቆይና ይሞታል፤ ውሃ በሚተኛበት መሬት ደግሞ ፋይቶፍቶራ የሚባለው የሥር አበስባሽ ይቀድመዋል።

ከላይ ከ5 እስከ 8 ሳንቲሜትር ጉዝጓዝ ይነጠፍ፤ የጥድ ቅጠል፣ ቅርፊት ወይም የበሰበሰ ቅጠል። ግንዱ አጠገብ 5 ሳንቲሜትር ያህል ባዶ ይተው። ሥሩ ከላይ ስለሆነ በዙሪያው አይኮተኮት፣ አረም በእጅ ይነቀል። የአዛሊያ፣ የሮዶዴንድሮንና የፒየሪስ ቅጠል ለፍየል፣ ለበግና ለሌሎች እንስሳት መርዛማ ነው፤ የተገረዘውን እንስሳ የሚደርስበት ቦታ አይጣሉት።

አዛሊያ በአንድ ወይም በሁለት ዓመት፣ ካሜሊያ ከ2 እስከ 4 ዓመት፣ ሮዶዴንድሮን ከ3 እስከ 5 ዓመት ውስጥ ማበብ ይጀምራሉ። በመጀመሪያው ዓመት የሚቋጠሩትን እንቡጦች ቆንጥሮ መጣል ሥሩን ያጠነክራል። ሮዶዴንድሮን ካበበ በኋላም የደረቀውን የአበባ ዘለላ በሁለት ጣት ጎንበስ አድርጎ መስበር ነው፤ ከስሩ ወዲያው የሚታዩት ትንንሽ ዓይኖች የሚቀጥለው ዓመት ቅርንጫፎች ስለሆኑ አብረው እንዳይወጡ ይጠንቀቁ።